የተከለከለው ቅመም፣ የሰፈሩ ፋርማሲና የወሎ ጀማሪ ሯጭ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ኬንያዊቷ ጀሚማ ሱምጎንግ አንደኛ፣ ለባሕሬን የሮጠችው ዩኒስ ኪርዋ ሁለተኛ፣ የእኛዋ ማሬ ዲባባ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነው ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ሱምጎንግ ከውድድር ውጭ በሰጠችው ናሙና ኢፒኦ የተባለው ቀይ የደም ሕዋስን የሚያበዛ ቅመም ተገኘባትና ታገደች። በ2019 ደግሞ ኪርዋ በዚያው ቅመም ተይዛ የአራት ዓመት ቅጣት ተጣለባት። ሁለቱም የተያዙት ከሪዮ በኋላ በሰጡት ናሙና ስለሆነ የኦሊምፒኩ ውጤት አልተነካም፤ ማሬም ዛሬም ድረስ የነሐስ ሜዳሊያ ባለቤት ናት። ሁለቱ ሯጮች በዚያች ቀን ንጹሕ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለውን ጥያቄ ሕጉ ሊመልስ አይችልም፤ የሚፈርደው በእጁ በገባው ናሙና ላይ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ዜና ደሴ ሲደርስ በቡናው ላይም ሆነ በልምምድ ሜዳው የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ምን ነክቷት ነው?» ክርክሩ በአንድ ሰው ሕሊና ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። አጥፊው መቀጣት እንዳለበት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የአበረታች ቅመም ጉዳይ ከግለሰብ ሥነ ምግባር ያልፋል፣ የዕውቀትና የአቅም ልዩነትም ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓለም አቀፉ ሕግ በአትሌቶች ሁሉ ላይ እኩል ግዴታ ይጥላል፤ ያንን ግዴታ ለመወጣት የሚያስፈልገው ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ቤተ ሙከራና መረጃ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ከደላንታ ወይም ከተንታ ደጋ ወርዶ ደሴ ላይ ልምምድ የጀመረ ወጣት የሚዳኝበት ሕግ፣ ግላዊ ሐኪምና የጠበቆች ቡድን ያለው የዓለም ኮከብ ከሚዳኝበት ሕግ ጋር አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሳንመረምር ስለ ቅጣት ብቻ ብናወራ፣ ወጣቶቻችንን ማንም ሳያስጠነቅቃቸው ለፍርድ እየላክናቸው ነው።

አስቀድሞ ግን የቅመሙ ጉዳት በማን ላይ እንደሚያርፍ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ለተያዘ አትሌት የምናሳየው ርኅራኄ የተዘረፈውን ሰው እንዳያስረሳን እፈራለሁ። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች 1500 ሜትር ፍጻሜ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለት የቱርክ ሯጮች፣ አራተኛ የገባችው ሩሲያዊት፣ ሰባተኛና ዘጠነኛ የሆኑትም ጭምር በተለያየ ጊዜ በአበረታች ቅመም ውጤታቸው ተሰርዟል። በዚያች ምሽት ለኢትዮጵያ ሮጣ አምስተኛ የወጣችው አበባ አረጋዊ ወደ ብር ሜዳሊያ ደረጃ ከፍ ያለችው፣ የሩሲያዊቷ ውጤት በ2024 ከተሰረዘ በኋላ ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5000 ሜትር ነሐስ ያገኘችው መሠረት ደፋርም ብር የተገባት፣ ከፊቷ የገባችው አዲስ አበባ የተወለደችው የቱርክ ሯጭ ኤልቫን አቤይለገሰ የቀድሞ ናሙናዋ ዳግም ተመርምሮ በ2017 ውጤቷ ከተሰረዘ በኋላ ነው። እነዚህ ዓመታት በወረቀት ላይ ሲጻፉ ቀላል ይመስላሉ። በሩጫ ግን አንዲት ሴት በጉልበቷ ጫፍ ላይ የምትቆየው ጥቂት ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ያልመጣው ገንዘብ፣ ያልተፈረመው የጫማ ኩባንያ ውልና ያልተሰማው መዝሙር ሜዳሊያው ዘግይቶ ቢመጣም አይመለሱም።

በዚህ ረገድ የቡዙነሽ ደባ ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያሳዝነኛል። ቡዙነሽ በ2014 የቦስተን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሁለተኛ ገባች። አንደኛ የሆነችው ኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ በዚያው ዓመት በኢፒኦ ተያዘች፤ በኋላም የቦስተን ድሏ ተሰረዘና ቡዙነሽ አሸናፊ ተባለች፣ ሰዓቷም የቦታው ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። በአንደኛና በሁለተኛ ሽልማት መካከል ያለው የ75 ሺህ ዶላር ልዩነትና የክብረ ወሰኑ 25 ሺህ ዶላር ግን ለዓመታት አልተከፈላትም፤ አዘጋጆቹ ገንዘቡ መጀመሪያ ከተቀጣችው ሯጭ መመለስ አለበት ይሉ ነበር። በ2024 ታሪኳን በጋዜጣ ያነበበ አንድ የማያውቃት አሜሪካዊ ከራሱ ኪስ 75 ሺህ ዶላር ላከላት። የአንድ ሰው ደግነት የሚያስመሰግን ነው፤ ዓለም አቀፍ የስፖርት ሥርዓት ለተበደለ ሰው መካስ አቅቶት ጉዳዩ ለመንገደኛ ቸርነት መተዉ ግን ሊያሳፍረን ይገባል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኘው የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ዋዳ፣ በ1999 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ሕግ በ2004 ሥራ ላይ አዋለ። የሕጉ ምሰሶ፣ አትሌት ወደ ሰውነቱ ለሚገባው ነገር ሁሉ ራሱ ተጠያቂ ነው የሚለው መርሕ ነው። ቅመሙ በናሙናው ውስጥ ከተገኘ ጥፋት ተፈጽሟል፤ ሐኪም አዞት ይሁን፣ አሰልጣኝ ሰጥቶት ይሁን፣ በምግብ ተቀላቅሎ ይሁን፣ ያ ሁሉ የሚታየው የቅጣቱ መጠን ሲወሰን ነው። እዚያም ቢሆን ቅመሙ ከየት እንደመጣ የማስረዳቱ ሸክም የሚያርፈው በአትሌቱ ላይ ነው። መርሑ የወጣበት ምክንያት ይገባኛል፤ «አላወቅሁም» የሚለው ቃል ብቻውን ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ የሚቀጣ ሰው አይኖርም ነበር። ሆኖም ይህ መርሕ አትሌቱ መድኃኒቱን በስሙ እንደሚያውቅ፣ የተከለከሉትን ነገሮች ዝርዝር ማንበብ እንደሚችልና ሲጠራጠር የሚጠይቀው ባለሙያ እንዳለው አድርጎ ይነሳል። እዚህ ወሎ ውስጥ ሦስቱንም በአንድ ላይ ያገኘ ጀማሪ ሯጭ አላጋጠመኝም።

ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ በቅርብ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሯጩ የመጨረሻውን መስመር እንዳለፈ አንድ ሰው ቀርቦ መመረጡን ይነግረዋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ናሙናውን እስኪሰጥ ድረስ ከዓይን አይለይም። ወደ መመርመሪያው ክፍል ገብቶ ማንነቱን በመታወቂያ ያረጋግጣል፣ ከታሸጉት ዕቃዎች አንዱን ራሱ ይመርጣል። ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ፣ እርሱን በመሰለ ፆታ ተቆጣጣሪ ፊት ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ይሰጣል። ሽንቱን «ኤ» እና «ቢ» በተባሉ ሁለት ጠርሙሶች ራሱ ከፍሎ ያሽጋል። ከዚያ አንድ ቅጽ ይቀርብለታል፤ ባለፉት ሰባት ቀናት የወሰደውን መድኃኒትና ተጨማሪ ምግብ ሁሉ እንዲጽፍ ይጠየቃል፣ ይፈርማል። ናሙናው እስከ አሥር ዓመት ተቀምጦ በአዲስ ዘዴ ሊመረመር ይችላል።

ያችን የሰባት ቀን ጥያቄ ይዘን ወደ ደሴ ፒያሳ እንምጣ። አንድ ቀን እዚያ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ተራ ይዤ ሳለሁ ከፊቴ የቆመ ቱታ የለበሰ ወጣት «እህቴ፣ ጉልበቴን አሞኛል፣ ቶሎ የሚያሽረኝ ስጪኝ፤ እሁድ ውድድር አለኝ» አለ። ባለሙያዋ የሐኪም ማዘዣ አልጠየቀችውም፤ ውድድር የሚለውን ቃል ሰምታም ሌላ ጥያቄ አላነሳችም። ከትልቅ ዕቃ ውስጥ ክኒን ቆጥራ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ከተተችና በላዩ በእስክሪብቶ «1×3 ከምግብ በኋላ» ብላ ጽፋ ሰጠችው። የመድኃኒቱ ስም በፖስታው ላይ አልነበረም። ወጣቱ ምን እንደገዛ አላውቅም፤ ምናልባትም ምንም ክልከላ የሌለበት ማስታገሻ ይሆናል። ዳሩ ግን በዚያ እሁድ ለምርመራ ቢመረጥ በቅጹ ላይ ሊጽፍ የሚችለው «ነጭ ክኒን» ብቻ ነበር።

በየፋርማሲያችን እንደ ቀላል ነገር የሚሸጡትን መድኃኒቶች ከዋዳ ዝርዝር ጋር ማስተያየት ያስደነግጣል። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም በመርፌ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን፣ ለአስምና ለአለርጂ ከዚያም አልፎ ለመወፈር ሲባል የሚዋጠው ፕሪድኒሶሎን በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ከሰውነት ለመውጣትም ቀናት ይፈጃሉ። ጠንካራ ማስታገሻው ትራማዶል ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በውድድር ጊዜ ታግዷል። ሳልቡታሞል በአፍ በሚነፋው መሣሪያ በተወሰነ መጠን ይፈቀዳል፤ ያው መድኃኒት ለሳል በሽሮፕ ወይም በክኒን ሲወሰድ ግን በማናቸውም ጊዜ ክልክል ነው። ለደም ግፊት እናቶቻችን በየቀኑ የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንትን ስለሚያበዛና ሌላ ቅመም ለመሸፈን ስለሚያገለግል ዓመቱን ሙሉ የተከለከለ ነው። ከጉንፋን መድኃኒቶች በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ስዩዶኤፌድሪንም በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ በውድድር ጊዜ ያስቀጣል።

ከመድኃኒቱም ይልቅ ብዙዎች የማይጠረጥሩት ግሉኮሱን ነው። በእኛ ዘንድ ድካም የተሰማው ሰው ወደ ክሊኒክ ጎራ ብሎ «አንድ ግሉኮስ ስቀሉልኝ» ይላል፤ ሯጭም ከከባድ ልምምድ በኋላ እንዲሁ ሲያደርግ ነውር የለውም። የዋዳ ሕግ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድን፣ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በክሊኒክ ምርመራ ሂደት በአግባቡ ካልተሰጠ በቀር፣ ይከለክላል። በውስጡ ስኳርና ውኃ ብቻ ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ የተከለከለው ዘዴው ነው። አንድ የተለመደ የግሉኮስ ከረጢት ከተፈቀደው መጠን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ የደሴን ሆስፒታልና በዙሪያው ያሉ የጤና ተቋማትን ካዘረፈና ካጎዳ ወዲህ ደግሞ ሰዉ በቅርብ ባገኘው የግል ክሊኒክና ፋርማሲ ላይ ይበልጥ ተደግፏል፤ ወጣት ሯጮችም የዚያ ሕዝብ ልጆች ናቸው።

በወሎ ሊነሳ የሚገባው፣ ግን በሥልጠናዎች ላይ በድፍረት ሲነገር ያልሰማሁት ሌላው ነገር ጫት ነው። በወዳጃና በዱዓ ላይ ጫት የአባቶቻችን ልማድ ነው፣ ስለ ልማዱ ለመፍረድ አልተነሳሁም። ነገር ግን በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲን የተባለው አነቃቂ በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ በውድድር ጊዜ ጥፋት ነው፤ በጫት ውስጥ ያለው ሌላው አነቃቂ ካቲኖንም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። የውድድር ጊዜ የሚባለው ከውድድሩ ዋዜማ ምሽት 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ጀምሮ ውድድሩና የናሙና መስጠቱ ሥነ ሥርዓት እስኪያበቃ ያለው ነው። ይህ ማለት ግን ቀን ላይ የተቃመው ጫት አያስጠይቅም ማለት አይደለም፤ የሚቆጠረው በናሙናው ውስጥ የተገኘው ነው። ስለዚህ በዋዜማው ከቤተ ዘመድ ጋር ተቀምጦ የቃመ ሯጭ አንዳች ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው ሊቀጣ ይችላል። ቡና ለሚወዱ ግን መልካም ዜና አለ፤ ካፌይን ከ2004 ወዲህ ከተከለከሉት ውስጥ የለም፣ አቦል ቶናውን ጠጥቶ መሮጥ ይቻላል።

ስም ያላቸው አትሌቶች ላይ ተጨማሪ ግዴታ አለ። በልዩ የምርመራ መዝገብ የገቡት በየሦስት ወሩ የት እንደሚያድሩ፣ የት እንደሚለማመዱና በየቀኑ ለአንድ ሰዓት በእርግጠኝነት የት እንደሚገኙ አስቀድመው ያስመዘግባሉ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኙ ወይም መረጃውን ካጓደሉ፣ ቅመም ሳይገኝባቸውም እስከ ሁለት ዓመት ይታገዳሉ። መርሑ ትክክል ነው፤ ኢፒኦን የመሰለ ቅመም የሚወሰደው በውድድር ሰሞን ስላልሆነ ያለ ድንገተኛ ፍተሻ አይያዝም። ነገር ግን ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውስ። በዚያን ወቅት ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ከአዲስ አበባ ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ ኩታበር የመጣ አትሌት አድራሻውን በስልኩ መተግበሪያ መቀየር እንዴት ይችል ነበር? ሕጉን የጻፉት ሰዎች በአእምሯቸው የነበረው አትሌት መብራትና ኔትወርክ የማይጠፋበት ከተማ ነዋሪ ነው።

ሕጉ በኃያላን ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ደግሞ እንይ። ካናዳዊው ሕግ አዋቂ ሪቻርድ ማክላረን በ2016 ባወጡት ሪፖርት፣ በሩሲያ በመንግሥት ድጋፍ በተካሄደው ማጭበርበር ከ30 በሚበልጡ ስፖርቶች ከ1000 በላይ አትሌቶች ተጠቅመዋል ወይም ተሸፍነዋል ብለዋል። በ2014 የሶቺ የክረምት ኦሊምፒክ ሌሊት ሌሊት የቆሸሸው ናሙና በግድግዳ ቀዳዳ ወጥቶ በንጹሕ ይተካ ነበር። ያ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላም ከሩሲያ አትሌቶች ብዙዎቹ በ2018 እና በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሌላ ስም ተሰልፈዋል፤ በዋዳ ተወስኖ የነበረውም የአራት ዓመት ቅጣት በስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ወደ ሁለት ዓመት ተቀነሰ። እገዳው ጠንክሮ የቆየው በአትሌቲክስ ነው፤ ከ2015 እስከ 2023 ዘልቋል።

ትራይሜታዚዲን የተባለውን የልብ መድኃኒት ብቻ ብንከተል ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። በ2021 መጀመሪያ 23 የቻይና ዋናተኞች በአንድ ውድድር ላይ በዚህ መድኃኒት ተገኙ። የአገራቸው ተቋም ከሆቴል ወጥ ቤት የመጣ ብክለት ነው አለ፣ ዋዳም ተቀበለ፤ ማንም አልታገደም፣ ከመካከላቸው በቶኪዮ ሜዳሊያ የወሰዱ ነበሩ፣ ሕዝብም ነገሩን የሰማው ከሦስት ዓመት በኋላ በ2024 ነው። ዋዳ የመደባቸው ስዊዘርላንዳዊ መርማሪ ውሳኔው ምክንያታዊ ነበር ብለዋል። በዚያው መድኃኒት በ2021 መጨረሻ የተገኘችው የ15 ዓመቷ ሩሲያዊት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ካሚላ ቫሊዬቫ ደግሞ በቤጂንግ ኦሊምፒክ በዓለም ካሜራ ፊት አለቀሰች፣ በኋላም አራት ዓመት ታገደች። በ15 ዓመቷ ልጅ ዙሪያ የነበሩት አሰልጣኞችና ሐኪሞች በዚያ ፍርድ አልተነኩም። በ2024 ፖላንዳዊቷ የቴኒስ ኮከብ ኢጋ ሽፊዮንቴክ በዚያው መድኃኒት ተገኘች፤ ከተበከለ የእንቅልፍ መድኃኒት እንደመጣ በቤተ ሙከራ አስመርምራ አስረዳችና የአንድ ወር እገዳ ተወሰነባት። የእያንዳንዳቸው ጉዳይ የየራሱ ማስረጃ እንዳለው አልዘነጋሁም፣ የሽፊዮንቴክም ማስረጃ አሳማኝ ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ደሴ ላይ በወረቀት ፖስታ ክኒን የገዛው ልጅ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስበት የቀረውን ክኒን በየትኛው ቤተ ሙከራ፣ በማን ገንዘብ ያስመረምራል? ፖስታውስ ከየት ይመጣል?

ይህ የዛሬ ችግር ብቻ አይደለም። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የ16 ዓመቷ ሮማኒያዊት ጂምናስት አንድሬያ ራዱካን የቡድኑ ሐኪም ለጉንፋን በሰጣት ክኒን ምክንያት ወርቋን ተነጠቀች፤ በክኒኑ ውስጥ የነበረው ያው ስዩዶኤፌድሪን ነው። ሐኪሙም ተቀጥቷል፣ ወርቁ ግን አልተመለሰላትም። ቅመሙ በ2004 ከዝርዝሩ ወጥቶ በ2010 እንደገና ተመልሶ ገብቷል።

ይህን ስል ሁሉም የተያዘ አትሌት በስሕተት ተያዘ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ኢፒኦን ማንም በስሕተት አይወስድም፤ ለኩላሊት ሕሙማን የተሠራ፣ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥና በመርፌ የሚሰጥ ቅመም ነው፣ ደምን አወፍሮ ልብን ለአደጋ ያጋልጣል። ጎረቤታችን ኬንያ ብዙ አትሌቶቿ ሲቀጡ አይታ በ2022 መጨረሻ ለአምስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ቃል ገብታለች። በጥቅምት 2024 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሮጣ የትዕግስት አሰፋን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ሩት ቼፕንጌቲች በመጋቢት 2025 በሰጠችው ናሙና ከላይ የጠቀስኩት የደም ግፊት መድኃኒት ተገኘባት። በቤቷ የምትሠራ ሴት መድኃኒት ወስጄ ነው አለች፤ በአትሌቲክስ የቅመም ጥፋቶችን የሚከታተለው የአትሌቲክስ ኢንተግሪቲ ዩኒት ምርመራ ግን ከዚያ የተለየ ነገር አሳየና ሦስት ዓመት ታገደች። ክብረ ወሰኑ ግን ከናሙናው በፊት የተመዘገበ ስለሆነ ጸንቷል። በዚያች ቀን ከኋላዋ ሁለተኛ የገባችው የእኛዋ ሱቱሜ አሰፋ ናት።

ኢትዮጵያም ከዚህ ነጻ አይደለችም። በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ኮ ከሞሮኮ፣ ከኬንያ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር አገራችንን ቁጥጥራቸው በአስቸኳይ መስተካከል ካለበት አምስት አገሮች አንዷ አድርገው ጠርተዋታል። ከዚያ ወዲህ ዛሬ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን የሚባለው ተቋም ተመሥርቷል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም ድርጊቱን በወንጀል የሚያስጠይቅ በመሆኑ እስር የተፈረደበት የማራቶን ሯጭ አለ። ከታወቁት ሯጮቻችን ፀሐይ ገመቹ በደም ፓስፖርቷ፣ ማለትም የደም ምርመራ ውጤቶቿ በተከታታይ በሚመዘገቡበት መዝገብ፣ በታየው መዛባት ለአራት ዓመት ታግዳለች። ከፍተኛ አደጋ አለባቸው ተብለው ከተመደቡት አገሮች የሚመጣ አትሌት ለዓለም ሻምፒዮና ለመሰለፍ፣ በፊት ባሉት 10 ወራት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ኢትዮጵያም በዚህ ምድብ ውስጥ ገብታ ቆይታለች። ይህ ሁሉ ሥራ በአመዛኙ ያተኮረው አዲስ አበባ፣ ሱሉልታና ሰንዳፋ በሚለማመዱ ስመ ጥሮች ላይ ነው። ልማዱ የሚያዘው ግን ከዚያ በፊት፣ ልጁ ገና በወረዳና በዞን ውድድር ሲሮጥ ነው።

የወሎ ወጣት ለምን እንደሚሮጥ ካልተረዳን ለምን እንደሚፈተንም አይገባንም። ብዙ የአካባቢው ልጆች ከፊታቸው የሚታያቸው አንዱ መንገድ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ የሚያደርሰው ነው፤ ሩጫ ሌላው ነው፣ ባሕርም በረሃም የለበትም። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የደሴ ደጋ ለሳንባ የተመቸ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ ሞቃትና ዝቅ ያለ መሬት ይገኛል። ተፈጥሮ ያደለችው ይህን ነው፤ የሚጎድለው ከተፈጥሮ ሌላ ያለው ሁሉ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ አንድ «ማናጀር አውቃለሁ» ባይ ቀርቦ «ይህን ቫይታሚን ውሰድ፣ ሁሉም የሚወስደው ነው» ቢለው የሚያማክረው ሰው ማን ነው? ቢያዝ ሰጪው ስልኩን ቀይሮ ይጠፋል፣ የሚታገደው ልጁ ነው፣ የሚያፍረው በሬ ሸጦ የላከው ቤተሰብ ነው። ከአሜሪካ ላስ ቬጋስ ደግሞ በ2025 አበረታች ቅመም የሚፈቀድበት ውድድር በግንቦት 2026 ይካሄዳል የሚል ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ለዓለም ክብረ ወሰን ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተነግሮለታል። አዘጋጆቹ ሁሉም በሐኪም ክትትል ይሆናል ይላሉ። ያ ማስታወቂያ ለወሎ ልጅ ሲደርሰው የሐኪሙ ክትትል ተቆርጦ ቀርቶ ቅመሙ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ሜዳው ላይና ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። የተከለከሉት መድኃኒቶች ስም በአማርኛ ተጽፎ፣ በተለይም ዴክሳሜታዞን፣ ፕሪድኒሶሎን፣ ትራማዶል፣ የሳልቡታሞል ሽሮፕና የደም ግፊቱ ክኒን፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በሐይቅ ፋርማሲዎች ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወጪው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ባለሙያው ቱታ ለለበሰ ወጣት «ትወዳደራለህ?» የሚል አንዲት ጥያቄ ቢጨምር፣ የመድኃኒቱንም ስም በፖስታው ላይ ቢጽፍ፣ ልጁ በቅጹ ላይ የሚሞላው እውነተኛ ነገር ያገኛል። ደሴ ላይ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ፋርማሲስቶችን ያስተምራል፤ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ትምህርት በጥቂት ሰዓት እንኳ ቢሰጥ ተመራቂዎቹ ወደየወረዳው ይዘውት ይሄዳሉ። በሕመም ምክንያት የተከለከለ መድኃኒት መውሰድ ግድ የሆነበት አትሌት አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅበት ሥርዓት በሕጉ ውስጥ አለ፤ የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ማመልከቻው እንዴት እንደሚሞላ የሚያውቅ አንድ ሰው ሊኖራቸው ይገባል። ከማናጀርና ከአሰልጣኝ ጋር የሚፈረመው ውልም፣ የሚሰጡትን ማንኛውንም ነገር በስሙና በመጠኑ ጽፈው እንዲፈርሙ የሚያስገድድ አንቀጽ ቢይዝ፣ ልጁ ሲጠየቅ ብቻውን አይቆምም።

ዋዳ ያሻሻለው አዲሱ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል። የሕጉ ማብራሪያ በአማርኛ ተዘጋጅቶ፣ ከዚያ ቀን በፊት በደቡብና በሰሜን ወሎ ዞኖች ላሉ አሰልጣኞች፣ ክለቦችና ፋርማሲዎች እንዲደርስ ባለሥልጣኑም የክልሉ ስፖርት ቢሮም ከአሁኑ ሊዘጋጁበት ይገባል።